የሁዳዴ አርቦችና የተቆለፈው ቁም ሣጥን

በዚህ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሞጣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቆጠራ ነበር። ሦስት መምህራን ተመደብን። ጥግ ላይ የቆመውን ቁም ሣጥን ስንከፍተው የብል መድኃኒት ሽታ ወጣ፤ ያ ነጭ፣ ክብ፣ በልብስ መሃል የሚቀመጠው ኪኒን። ባልደረቦቼ አስነጠሳቸውና ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ ሲሉኝ ምንም አልኳቸው፤ ማስረዳት ብጀምር ቆጠራው እዚያው ይቀር ነበር። እዚህ ግን ጊዜ ስላለኝ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ነገሩ የቢቸና ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ዓመት ከሁዳዴ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር ተማርኩ። ያስተማሩኝ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ እትዬ እናኑ ነበሩ፤ በዚያው ምክንያት ከሥራቸው ተባረሩ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ሰምተው ደስ ይላቸዋል። እኔ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ክፍል ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ክፍት መደርደሪያዎቹ ላይ የነበሩት ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ሥርዓተ ትምህርታቸው የተለወጠ መማሪያ መጻሕፍት ነበሩ። ከሠራተኛው ጠረጴዛ ጀርባ ደግሞ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ቆሟል። በውስጡ ከለጋሾች የመጡ አዳዲስ መጻሕፍት ተደርድረዋል። መስታወቱ ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቁልፉ ጋሽ ይበልጣል የሚባለው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቀበቶ ላይ ነበር። በልጅነቴ «እርስዎ» እለው ነበር። አሁን አልልም።

ከዞን እንግዶች ሲመጡ ጋሽ ይበልጣል ቁም ሣጥኑን ከፍቶ አምስት መጽሐፍ ያወጣል። ዩኒፎርማቸው ንጹሕ የሆነ አምስት ልጆች መርጦ ያስቀምጥና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ መሃሉን ገልጦ ፊታቸው ያኖራል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መጻሕፍቱ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ እኔም ተመርጬ ነበር። ገጽ እንዳልገልጥ አስጠነቀቀኝ። ፊቴ ያለው ገጽ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በር ሊከፍት እጁን ዘርግቶ ነበር። በሩ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

በዚያን ጊዜ በመጻሕፍቱ መሃል የሚቀመጡት እነዚያ ነጫጭ ኪኒኖች መርዝ ይመስሉኝ ነበር። ልጅ እንዳይቀርብ የተቀመጡ፣ እንደ አይጥ መርዝ ያሉ። ስለዚህ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ጋሽ ይበልጣል ጨዋ ልጅ ነሽ አለኝ።

በየካቲት ውስጥ የአማርኛ መምህራችን ቲቸር ሙሉቀን ከፋሲካ በኋላ የንባብ ቀን እንደሚከበር ነገረን። ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ ተማሪ አንድ መጽሐፍ በወላጆችና በእንግዶች ፊት ያቀርባል። ቲቸር ሙሉቀን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሰው አይጎዳም፣ ለሰውም አይሟገትም። በደረጃ አንደኛ ስለነበርኩ እኔን መረጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ምክንያቱም እኔ ለመመለስ ስነሳ ድምፄ ከከንፈሬ አያልፍም፤ ልጆቹ ያወጡልኝ ስም «ትንኟ» ነበር። ከኋላዬ የሚቀመጥ ልጅ ስሜ በተጠራ ቁጥር በአፍንጫው እንደ ትንኝ ያዜም ነበር።

መጽሐፍ ለመምረጥ ከቲቸር ጋር መስታወቱ ፊት ቆምን። ቁም ሣጥኑ አልተከፈተም። አንገቴን አዘንብዬ ጀርባቸው ላይ ያለውን ርዕስ አነበብኩ። የጤና መጽሐፍ አለ፣ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ፣ ስለ ፕላኔቶች የሚል አለ። ከታች «ሦስተኛው በሬ» የሚል ቀጭን መጽሐፍ አየሁ። እሱን አልኩ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፦ ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል፤ በሬዎቹን በጋራ ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። ይህን በእኛ ወረዳ በእነማይ የተወለደ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ሦስተኛው ምን ይሠራል? ይህን ማወቅ ፈለግሁ።

ጋሽ ይበልጣል ርዕሱን መዘገበና መጽሐፉን በዕለቱ እንደምይዘው ነገረን።

«ሳታነበው እንዴት ታቀርበዋለች?» አለ ቲቸር ሙሉቀን።

«ወረቀት ጻፍላት። አምናም እንዲሁ ነው የተደረገው።»

ቲቸር ሁለት ቀን ተመላለሰ። መጽሐፍ ቢጠፋ በራሱ ላይ እንደሚመጣበት ጋሽ ይበልጣል ነገረው። ይህ እውነት ነው፤ እኔም አሁን መምህር ስለሆንኩ የንብረት ርክክብ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም። መጽሐፍ እንዳይጠፋ ብሎ ልጅ እንዳያነበው ያደረገ ሰው ምን እንደጠበቀ ይንገረኝ።

በሦስተኛው ቀን ቲቸር ወረቀት ሰጠኝ። መጽሐፉን እሱም አላየውም፤ ከርዕሱ ብቻ ተነስቶ ነው የጻፈው። እንደ ወረቀቱ ከሆነ መጽሐፉ ስለ አንድ ታታሪ አርሶ አደር ነው። አርሶ አደሩ በሁለት በሬ ጀምሮ፣ ማዳበሪያ በአግባቡ ተጠቅሞ፣ ሦስተኛ በሬ ገዝቶ ሞዴል ሆነ። የአቀራረቡ ቅደም ተከተልም ከነቁጥሩ ተጽፏል፦ አንድ ሰላምታ፣ ሁለት ርዕስ፣ ሦስት ይዘት፣ አራት ትምህርት፣ አምስት ምስጋና።

ሦስተኛው በሬ ከማን ጋር እንደሚጠመድ ጠየቅሁት።

«ተጠባባቂ ነው» አለኝ። «አንዱ ሲደክመው ይገባል።»

ወረቀቱን በቃሌ ያዝኩት። ለማንም ሳልናገር ግን ውሸት መሆኑን አወቅሁ። በሬ ኳስ ተጫዋች አይደለም።

ቀጥሎ ሁዳዴ ነው። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ ጋሽ ይበልጣል አርብ አርብ በስምንት ሰዓት ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። ሲሄድ ቁልፉን ለእትዬ እናኑ ትቶ ነው። ቁም ሣጥኑን አቧራ ይጠርጋሉ፣ የሟሟውን ኪኒን ይለውጣሉ። እኔ ደግሞ ባዶ ክፍል ስለሆነ ወረቀቴን ለመለማመድ እዚያ እቀመጥ ነበር፤ ጾም አልፈታንም፣ ሆዴ ይጮኻል፣ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እትዬ እናኑ አምሳ ዓመት ያህላቸዋል። ቀጭን ናቸው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያስራሉ። ባላቸው ከሞተ በኋላ ከገጠር ወደ ከተማ ገብተው በኮንትራት የተቀጠሩ ናቸው። በሦስተኛው አርብ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ፊደል ትለያለሽ?»

«ሰባተኛ ክፍል ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

እንደምለይ ነገርኳቸው። ባለፈው ሳምንት መጻሕፍቱን ጠርገው ሲመልሱ ግማሾቹን ገልብጠው ነበር፤ ጋሽ ይበልጣል በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ሆኖ ተማሪ ፊት «አንቺ ሴትዮ፣ ዓይን የለሽም?» ብሏቸው ነበር። እኔም ሰምቻለሁ። አሁን እሳቸው እየጠረጉ ሲያቀብሉኝ እኔ ራሱን ወደ ላይ አድርጌ እንድደረድር ፈለጉ።

ትንፋሼን ይዤ መደርደር ጀመርኩ። ፊቴ ሲቀላ አዩና አመመሽ ወይ አሉኝ። ስለ መርዙ ነገርኳቸው። መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ከዚያ አንዱን ኪኒን አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ይኼ የብል ነው፣ ልጄ። ብል ደግሞ የሚወደው ማንም የማይነካውን ነው።»

«ሦስተኛው በሬ» እጄ ላይ ሲደርስ አልመለስኩትም። ይህ የማቀርበው መጽሐፍ መሆኑን፣ እንዳላነበብኩትም ነገርኳቸው። በሩን አዩ።

«ቢያየን እንጀራዬ ነው የሚዘጋው» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲያው ጮክ ብለሽ አንብቢው። እኔም ልስማው» አሉ።

እንዲህ ተጀመረ። አምስት አርብ አነበብን። እሳቸው ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ መስኮት ይወለውላሉ፣ እኔ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ አነባለሁ። መቀመጥ አልተፈቀደልኝም፤ ሰው ቢመጣ መጽሐፉን ቶሎ መመለስ እንድችል ነው። ቆርቆሮው በነፋስ ሲንኳኳ ድምፄ አይሰማቸውም። አፍሽን የት ከተትሽው ይሉኛል። ለጨርቁ ነው እንዴ የምታወሪው ይሉኛል። ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ አንብቢ እንጂ አትሩጪ ይላሉ። ትምህርት እየሰጡኝ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ታሪኩን ለመስማት የሚቆጡኝ ነበር የመሰለኝ። ምናልባት እሳቸውም እንደዚያ ብቻ ነበር ያሰቡት።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። አንድ በሬ አላት። በመንደሩ ባለ አንድ በሬ ሆነው የቀሩት ሁለት ወንዶች ናቸው፤ እነሱ ተቀናጁ። የእሷ በሬ ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። ከሴት ጋር ማን ይቀናጃል? የአንዱ ጎረቤት በሬ ሲታመም ግን የእሷን ይዋሳሉ፣ የሌላው ሲያነክስ ይዋሳሉ። በሬዋ ዓመቱን ሙሉ የሰው መሬት ያርሳል፣ የእሷ መሬት ጦም ያድራል።

እትዬ እናኑ እያቋረጡ ይናገሩ ነበር። ያቺን ሴት ጅል ናት አሏት። በሚቀጥለው አርብ ሲመጡ ሳምንቱን ሙሉ እንዳሰቡበት፣ ጅል እንዳልሆነች፣ እምቢ ብትል ጎረቤቶቿ ውኃ እንኳን እንደማይቀዱላት ነገሩኝ። በአራተኛው የንባባችን አርብ ላይ ጨርቃቸውን ትተው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የዘር ሳምንት ነው፤ የአንደኛው በሬ ወደቀ፤ ሰውየው ደጇ መጣ። ሴትዮዋ በሬዋን ይዛ ወጣችና «መጀመሪያ የእኔ መሬት» አለችው።

እትዬ እናኑ ያንን መስመር ደግሜ እንዳነብ አደረጉኝ። ከዚያም ሌላ አንዴ።

ከስቅለት በፊት በነበረው አርብ ጨረስነው። አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ነበር፤ ቲቸር የጻፈውና እኔ ያነበብኩት። የትኛውን እንደማቀርብ እትዬ እናኑን ጠየቅኋቸው።

«ያነበብሽውን ነዋ። ሌላ ምን ልትዪ ነበር?»

መስታወቱን ቆለፉ። ቁልፉን ጨምቀው ይዘው አንድ ነገር ጨመሩ።

«የት አነበብሽው ብለው ከጠየቁሽ ዝም በይ። ለሁለታችንም ይበጃል።»

እሺ አልኩ።

የንባብ ቀን ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ከፊት ለእንግዶች ወንበር ከነጨርቁ፣ ከኋላ ለወላጆች የክፍል አግዳሚ ተደረደረ። ጋሽ ይበልጣል መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣልኝና ላስቲኩን እንዳላወጣ አዘዘኝ። ስሜ ሲጠራ ያ ልጅ በአፍንጫው አዜመ። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ርዕሱን ተናገርኩ። ወደ ሦስተኛው ወደ ይዘት ስደርስ የወረቀቱን መስመር በዓይኔ እየፈለግሁ ቆምኩ። ከፊት ወንበር አንድ እንግዳ አይዞሽ አሉኝ፤ ይበልጥ ፈራሁ።

ከሰዉ ኋላ እትዬ እናኑ የእንግዶቹን ውኃ በጆግ ይዘው ቆመው ነበር። ጆጉን መሬት አስቀመጡ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። አልተጨነቁም። ታሪኩ የት ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ቀጣዩን እንደሚጠብቅ ነበር የጠበቁት። ወረቀቱን አጥፌ «አንዲት ሴት ነበረች፤ አንድ በሬ ብቻ ነበራት» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አልቆምኩም። ቲቸር ሙሉቀን የወረቀቱን ግልባጭ እያገላበጠ ሲፈልገኝ አየሁ። ከኋላ አግዳሚ የተቀመጡት ገበሬዎች ግን ወረቀት አላስፈለጋቸውም። ሴትዮዋ ብቻዋን ስትቀር አንድ ሽማግሌ «ያደርጉታል፣ ያደርጉታል» አሉ። «መጀመሪያ የእኔ መሬት» ስል ሴቶቹ አጨበጨቡ። ወደ አራተኛው ደረስኩ። ትምህርቱ፣ ብቻውን የቀረ በሬ ሰነፍ ነው ማለት እንዳልሆነ ነው አልኩ። ጭብጨባው ሲበረታ ከመሬት ከፍ ያልኩ መሰለኝ።

የት እንዳነበብኩት ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ዝም እል ነበር፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ተራ ቁጥር አምስት ምስጋና ነበር። እኔ ሥርዓት የምወድ ልጅ ነበርኩ፣ ተራ ቁጥር አልዘልም። ያለ ምስጋና ብወርድ ባለጌ የምባል መሰለኝ።

«በመጨረሻም አምስት አርብ ሙሉ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ያስነበቡኝን እትዬ እናኑን አመሰግናለሁ።»

ከዞን የመጡት እንግዳ ደስ ብሏቸው ተነስተው ለእሳቸው እንዲጨበጨብ ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አጨበጨበ። እትዬ እናኑ ጆጉን አንስተው ወደ ኩሽናው ሄዱ። አፍረው መሰለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለዚህ ሁሉ ሰው አስተዋወቅኋቸው ብዬ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ተጠራሁ። ርዕሰ መምህሩ፣ ጋሽ ይበልጣልና ቲቸር ሙሉቀን ነበሩ። እንደምሸለም ጠብቄ ዩኒፎርሜን አጥቤ ነበር። ጋሽ ይበልጣል እስክሪብቶ ይዞ ስንት ጊዜ ከፈተችልሽ አለኝ። አምስት አልኩ። ጻፈው። ሌላ ሰው ነበር ወይ አለኝ። አልነበረም አልኩ። ጻፈው። ስለ መጽሐፉ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። መጽሐፉ አልተቀደደም፣ አልጠፋም፣ ገጹ አልታጠፈም፤ ይህን ማለት እችል ነበር። መጽሐፍ የሚከፈተው ለዚህ ነው ማለት እችል ነበር። በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት የወጣው ድምፄ በሦስት ሰው ፊት ጠፋ። ምስክር ሆነሽ ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ።

ልጅ ነበርሽ ይሉኛል። ልጅ ነበርኩ፤ ሦስቱ ግን ልጆች አልነበሩም። አንዱ ቁልፉን ለእሳቸው ትቶ እየሄደ በሰጠው ቁልፍ ከሰሳቸው። ሌላው፣ ርዕሰ መምህሩ፣ በዚያው ንግግር ከዞን ምስጋና ተቀብሎ ነበር። ሦስተኛው፣ ቲቸር ሙሉቀን፣ በመስኮት ሜዳውን ያይ ነበር፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ እትዬ እናኑ ኮንትራት ስለሆኑ ምንም ማድረግ እንደማይቻል በቀስታ አስረዳኝ። ሽልማቴን፣ አንድ ደርዘን ደብተር፣ በማግስቱ በሰልፍ ላይ ሰጡኝ። ያ ልጅ አላዜመም። ቢያዜም እመርጥ ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ስንለቀቅ እትዬ እናኑ ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። እንዳያዩኝ ልሸሽ አሰብኩ። ጠሩኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱን ሰጥተው በአውራ ጣታቸው ካስፈረሟቸው በኋላ ምን እንደሚል ያነበበላቸው አልነበረም።

«አንብቢልኝ። አትዝለዪ።»

አነበብኩ። የተረከቡትን ቁልፍ ላልተፈቀደለት አካል አሳልፈው በመስጠት የመንግሥትን ንብረት ለአደጋ በማጋለጣቸው ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ውላቸው የተቋረጠ መሆኑን ይገልጻል። መሃል ላይ አለቀስኩ። እሳቸው አንድም ቦታ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ይቅርታ ልል ስጀምር እጃቸውን አወዛወዙ፤ ያንን መስማት አልፈለጉም።

«ስሜ አለበት?»

«አለ።»

«የት ጋ?»

አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከሥሩ አደረጉ። ስንት ዓመት ደመወዝ ሲቀበሉ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አትመዋል፤ ይኼ የእርስዎ ስም ነው ብሎ ያሳያቸው አንድም የተማረ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። ስማቸውን ተጽፎ ያዩት ያን ቀን ነው፣ በዚያ ወረቀት ላይ።

«ሦስት ፊደል ብቻ ናት?» አሉ።

«እ፣ ና፣ ኑ» አልኳቸው።

ብዙ አዩት። ከዚያ ስማቸውን ብቻ ቀድጄ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ወረቀቱን እጥፍጥፍ አድርጌ በጥፍሬ እየሰመርኩ በጥንቃቄ ቀደድኩት። ቁራጯን ነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። የቀረውን መልሰው ሰጡኝ።

«ይኼን ለባለቤቱ አድርሺለት።»

አደረስኩ። ጋሽ ይበልጣል ጠረጴዛው ጋ ነበር፣ ቁልፉ ቀበቶው ላይ። ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጥኩና «ስማቸውን ወስደዋል፣ የቀረው የእርስዎ ነው» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ወረቀቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው፣ የተቀደደውን ቦታ በጣቱ ለካው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ንብረት አበላሸሽ» አለኝ።